ጡት ከተቀነሰ በኋላ

ጡቷ ከልክ በላይ ገዝፎባት ሐኪም ዘንድ የቀረበች ሴት አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ቢላው ነው። ያማል ወይ? ማደንዘዣው አያሰጋም ወይ? ስንት ቀን ያስተኛኛል? ዓመት ቆይቶ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ አጠገቧ የለም። የተቀነሰው ጡት መልሶ ያድጋል? ቅርጹ ተሰፍቶ እንደወጣ ይጸናል? ብወልድ ወተት ይኖረኛል? የቀዶ ሕክምናው ዓለም ለእነዚህ ጥያቄዎች እስካሁን ያገኘውን መልስ ሰብስቤ፣ መልሱ በጋሞ ዞን ደቡብ ምዕራብ በኩል በካምባ ለምትኖር ሴት ምን ማለት እንደሆነ ልመለከት እወዳለሁ። ካምባን ያነሳሁት ከቀዶ ክፍሉ ስለራቀች ነው። ሕክምናው በዋናነት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ጡቱ የሚለዋወጠው ግን ታካሚዋ አገሯ ከገባች በኋላ ነው። በዚያ ወቅት የሚከታተላት ሰው መኖሩ ወይም አለመኖሩ፣ በእኔ ግምት፣ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ነው።

የጡት ግዝፈት የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ፤ አይደለም። አንገትና ትከሻ ያማል። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻ ላይ ተቀብሮ ቦይ ይሠራል። ከጡቱ ሥር ያለው ቆዳ በላብ ይላላጣል፣ ፈንገስ ይይዘዋል፣ ይሸታል። አንዳንዷ ጣቶቿ ይደነዝዙባታል። የጋሞ ደጋ የሴት ሥራ ደግሞ ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። እንሰት የምትፍቅ ሴት በክንዷና በደረቷ ኃይል ነው የምትሠራው፤ ማገዶና ውሃ በጀርባ ይወጣል፣ የሸክሙ ገመድ በትከሻና በደረት ላይ ይጠብቃል፣ ልጅ በአንቀልባ ይታዘላል። ሐኪሞች ጡትን ግዙፍ ለማለት ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ከእያንዳንዱ ጡት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ትርፍ ሥጋ መውጣቱ ነው። እንዲህ ያለባት ሴት ማገዶውን ከማንሳቷ በፊት ሦስት ኪሎ ከደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ዳገቱን ትጀምራለች። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ልዩ የጡት መያዣም፣ ፊዚዮቴራፒም፣ ክብደት መቀነስም ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ዘላቂ እፎይታ አልሰጡም፤ የሰጠው ቀዶ ሕክምናው ነው።

ግዝፈቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ወደፊት የሚሆነውን ለመገመት ይረዳል። አንዳንዷ ልጃገረድ ጡቷ ባጎጠጎጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳይቆም ያድጋል። አንዳንዷ በእርግዝና ወቅት ይጀምራታል፤ ይህ ብርቅ ነው፣ ሲመጣ ግን ቆዳውን እስከ ማቁሰል ይደርሳል። በውፍረት የሚመጣም አለ። መድኃኒትም ሊያመጣው ይችላል፤ በአገራችን በኤች አይ ቪ ሕክምና ለዓመታት በስፋት ሲሰጥ የቆየው ኤፋቪሬንዝ በሴትም በወንድም ላይ ጡት ማሳደጉ ተመዝግቧል፤ መድኃኒቱ ሲቀየር አንዳንዱ ይመለሳል። ስለዚህ ከቢላው በፊት ሴትየዋ የምትወስዳቸው ክኒኖች ይጠየቁ። አንድ ጡት ብቻ ለይቶ ያደገባት ሴት ደግሞ ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ እጢ፣ የጡት ቲቢ ወይም ካንሰር አለመሆኑ ሳይጣራ ስለ ማሳነስ ማውራት አይገባም።

ይህ ሕመም አዲስ አይደለም። በ1669 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ጡቷ በድንገት ስላበጠባት ወጣት ሴት ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ጽፎ ነበር። ሴትየዋ ሞተች፤ ከሞተች በኋላ የተመዘነው የግራ ጡቷ 64 ፓውንድ፣ ማለትም 29 ኪሎ ገደማ ሆነ። ጡት የማሳነስ ቀዶ ሕክምና በደህና መንገድ ላይ የቆመው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዋናው ችግር ሥጋውን ማውጣቱ አልነበረም። የጡት ጫፉን በሕይወት ማቆየት ነው ያስቸገረው። ጫፉ ወደ ላይ መዛወር አለበት፤ ደምና ነርቭ ከሚያመጣለት ሥጋ ከተለየ ግን ይሞታል። በ1922 እ.ኤ.አ. የቺካጎው ማክስ ቶሬክ ጫፉን ጨርሶ ቆርጦ እንደ ቆዳ ንቅለ ተከላ መልሶ የሚተክልበትን መንገድ አቀረበ። በኋላ የመጡት ሐኪሞች ጫፉን ከሥጋ ግንድ ጋር እንዳለ አያይዘው ማዛወርን መረጡ፤ ግንዱን ፔዲክል ይሉታል። ስዊድናዊው ስትሮምቤክ በ1960፣ አሜሪካዊው ማኪሶክ በ1972 እ.ኤ.አ. ግንዱን በተለያየ አቅጣጫ አቆዩት፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከታች የሚመጣው ግንድ በብዙ አገር ተለመደ። ቆዳውን ለመቁረጥ ደግሞ ሮበርት ዋይዝ በ1956 እ.ኤ.አ. ከጡት መያዣ ስፌት ንድፍ የተነሳ አቆራረጥ አወጣ፤ ጠባሳው በጫፉ ዙሪያ ይዞርና ወደ ታች ወርዶ ከጡቱ ሥር ባለው እጥፋት ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ቤልጂጋዊቷ ማድሌን ለዡር በ1990ዎቹ፣ ካናዳዊቷ ኤልዛቤት ሆል ፊንድሌይ በ1999 እ.ኤ.አ. የአግድሙን ጠባሳ የሚያስቀር ወይም የሚያሳጥር ቀጥ ያለ አቆራረጥ አስፋፉ።

ይህን የዘረዘርኩት ለታሪክ ያህል አይደለም። ጡቱ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል በአብዛኛው የሚወስነው የትኛው ግንድ እንደቀረና የትኛው ቆዳ እንደተቆረጠ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ጡት የመጨረሻው ጡት አይደለም። እብጠት አለ፣ ቆዳው ይበልዛል፣ ጡቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከላይ ሞላ ከታች ጠፍጣፋ ይሆናል። በቀጥታው አቆራረጥ የተሠራው በተለይ በታችኛው ዳርቻው ተሸብሽቦ ስለሚታይ፣ ያልተነገራት ሴት ተበላሸብኝ ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ሽብሽቡ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይፈታል፤ የላዩ ሙላት ወደ ታች ይወርዳል፣ ጡቱ ክብ መልኩን ያገኛል። እብጠቱ በብዛት በስድስት ሳምንትና በሦስት ወር መካከል ይጠፋል። ስለ ቅርጹ በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ግን ወደ ዓመቱ ገደማ ነው። የግራና የቀኙ ልዩነትም ያኔ ነው የሚለየው፤ ትንሽ ልዩነት ሁልጊዜ ይኖራል፣ ተፈጥሮም እኩል አድርጋ አልሠራችውም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው። ጫፉ ሐኪሙ ባስቀመጠው ቦታ ይቆያል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ቆዳውን እየወጠረ ይወርዳል። ውሎ አድሮ የጡቱ ክብደት ከጫፉ በታች ይሰበሰብና ጫፉ ወደ ሰማይ የሚያይ ይመስላል። ከታች በሚመጣው ግንድ በተሠሩት ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል፤ እዚያ የቀረው ሥጋ ከታች ነውና ክብደቱን የሚሸከመው ቆዳው ብቻ ይሆናል። በቀጥታው አቆራረጥ የታችኛው ሥጋ ስለሚወጣና ቀሪው ከውስጥ ግራና ቀኙ ስለሚሰፋ አወራረዱ ያንሳል። ሐኪሞች በቀዶው ጊዜ ከጫፉ ሥር እስከ እጥፋቱ ያለውን ርቀት አምስት ወይም ስድስት ሴንቲ ሜትር ላይ ቢተዉትም፣ ሲቆይ ሊረዝም እንደሚችል አውቀው ነው የሚያሳጥሩት።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ላንሳ። የጡት መያዣ ቁጥር ለክትትል አይረባም፤ ፋብሪካው በተለየ ቁጥሩ ይለያያል፣ በአርባ ምንጭ ገበያ የሚገኘው ሰልባጅ ደግሞ ከየትኛው አገር መለኪያ እንደመጣ አይታወቅም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሁለት ርቀት ብቻ ይለካ፤ ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ እስከ ጫፉ፣ ከጫፉ ሥር እስከ እጥፋቱ። የመጀመሪያው በመካከለኛ ጡት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በግዙፍ ጡት ከ30 አልፎ ወደ 40 ይሄዳል። ልኬቱ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ቢመዘገብ ጡቱ እየወረደ ወይስ እያደገ መሆኑ ይለያል። ይህን ለመሥራት ፕላስቲክ ሰርጀን መሆን አያስፈልግም። የጤና ጣቢያ ነርስ ትችለዋለች፣ ሥልጠና ከተሰጣት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ትችለዋለች።

መጠኑ ስለ መመለሱ የሚሰጠው መልስ በሴትየዋ ይወሰናል። የወጣው ሥጋ አይመለስም፤ የቀረው ግን ሕይወት ያለው ጡት ነው። ክብደት የጨመረች ሴት በቀረው ጡት ውስጥ ያለው ስብ አብሮ ይጨምራል፣ ከቀነሰችም ጡቱ ይጎድልና ቆዳው ይላላል። በእርግዝና ያብጣል፣ ጡት ካስጣለች በኋላ ይከሳል፣ የወር አበባ ሲቆም እጢው በስብ እየተተካ ይለሰልሳል። በጉርምስና ያለማቋረጥ ላደገባት ልጅ ግን ስጋቱ ከዚህ ያይላል። እድገቱ ሳይቆም ከተቀነሰ መልሶ ሊያድግና ሁለተኛ ቀዶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ጡቱ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ቢቻል ለዓመት፣ በአንድ መጠን መቆየቱ ይጠበቃል። ትምህርት ቤት መሄድ ለተዋት፣ በነጠላዋ ተሸፍና ለምትውል ልጅ ያን ያህል መጠበቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንዳንዴም ቆዳው ቆስሎ ወይም ልጅቷ ተጎድታ መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ያኔ ቀዶው ይሠራ፤ ተመልሶ ሊያድግ እንደሚችል ግን ለልጅቷም ለእናቷም በግልጽ ይነገር። በእርግዝና የመጣውም በሚቀጥለው እርግዝና የመመለስ ጠባይ አለው። ልጅ መውለድ የምትቀጥል ሴት ይህን ሳታውቅ ከሆስፒታል መውጣት የለባትም።

ወደ ወሊድና ወደ ወተት ስመጣ፣ ከውጭ የመጣውን ዕውቀት እንዳለ ማውረድ አይበቃም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶ የሚሆኑት የጡት ወተት ብቻ ይጠቡ ነበር፣ አንዲት ሴትም በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልድ ነበር፤ ልጆቻችን ሁለት ዓመት ገደማ ይጠባሉ። በሃያ ዓመቷ ጡቷን ያሳነሰች የካምባ ሴት ከፊቷ ብዙ የማጥባት ዓመታት አሉ። ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ከሩቅ በሚመጣበት ቤት ደግሞ የጣሳ ወተት ለሕፃኑ አደጋ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ለዚህ የጠራ መልስ ሰጥቷል። ከጫፉ ሥር ያለው እጢ እስከ ደረት ድረስ ሙሉ በሙሉ በተጠበቀባቸው አሠራሮች የማጥባት ስኬቱ መካከለኛ ልኬት (ሚዲያን) 100 በመቶ፣ በከፊል በተጠበቀባቸው 75 በመቶ፣ ጨርሶ ባልተጠበቀባቸው ግን 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ ገና የምትወልድ ሴት ሐኪሟን "ከጫፉ ሥር ያለውን ታቆየዋለህ ወይ?" ብላ መጠየቅ መብቷ ነው፤ ካልጠየቀችም ሐኪሙ ቀድሞ ሊነግራት ይገባል።

ስኬት ሲባልም ሁልጊዜ ሙሉ ጥጋብ ማለት አይደለም፤ አንዳንዷ ታጠባለች፣ ወተቱ ግን ላይበቃ ይችላል። ሕፃኑ በየጊዜው መመዘን አለበት፣ ይህም ጤና ኬላው የሚያውቀው ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን መታረም አለበት፤ የጡት ትልቅነት የወተት ብዛት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። የመጠን ልዩነቱ በብዛት የስብ ልዩነት ነው፤ ትንሽ ጡት ያላት ሴት መንታ ታጠባለች። ጡቷን ያሳነሰች ሴት "ወተቷን ቆርጣ ጣለችው" እየተባለች እንዳትታማ ባልና አማት ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

የቶሬክ መንገድ ዛሬም የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ ጡቱ እጅግ ግዙፍ ሲሆን፣ ግንዱ ረዝሞ ደም ጫፉ ጋ የማይደርስ ሲሆን። ጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ማጥባት ያበቃል፣ ስሜቱም በአብዛኛው ይጠፋል። ሌላም አለ፤ የተተከለው ቆዳ ቀለሙን ሊያጣ ይችላል። በነጭ ቆዳ ላይ ብዙም የማይታየው ነገር በእኛ ቆዳ ላይ ለምጽ መስሎ ጎልቶ ይወጣል። ለምጽ ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ ለአንባቢ አልነግርም። ከቀዶው በፊት በቃል መነገር ካለባቸው ነገሮች ይህ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው።

ጠባሳም እንዲሁ በቆዳችን ልክ ሊታሰብ ይገባል። ጥቁር ቆዳ ከነጩ ይልቅ ኬሎይድ ያወጣል፤ የደረት መካከልና ትከሻ ደግሞ በተለይ ያወጣሉ። ተራ ወፍራም ጠባሳ በቁስሉ መስመር ውስጥ ይቆይና በዓመት በሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችላል። ኬሎይድ ግን ከመስመሩ ወጥቶ ጤነኛውን ቆዳ ይይዛል፣ ያሳክካል፣ ይወጋል፤ ቁስሉ ድኗል ከተባለ ከወራት በኋላም ሊጀምር ይችላል። ከጡት ሥር የሚዘረጋው ጠባሳ ወደ ደረት መካከል የሚጠጋበት ጫፍ አደገኛው ቦታ ነው፤ ጠንቃቃ ሐኪም እዚያ ሳይደርስ ያቆመዋል። በጆሮዋ ቀዳዳ ወይም በክትባት ጠባሳዋ ላይ ኬሎይድ ያለባት ሴት አስቀድማ ታሳይ። ከወጣም በሲሊኮን ፕላስተርና ጠባሳው ውስጥ በሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ይታከማል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ችግሩ መርፌው በየተወሰነ ሳምንት የሚደጋገም መሆኑ ነው፤ ለዚህም ከካምባ አዲስ አበባ መመላለስ አይታሰብም። አርባ ምንጭ ላይ ቢሰጥ ግን ይቻላል።

የመንገዱ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። የካምባ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ቀዶ የሚሠራበት ቦታ አይደለም። ሪፈሩ ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስም ሲነሳ የሚጠሩት አለርትና የካቲት 12 ሆስፒታል ናቸው። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ነው፤ የታጠፈ ጣት የሚቃናበት፣ የቆሰለ እግር የሚድንበት ቤት ሆኖ ጀመረ። የካቲት 12 ደግሞ በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች የሚታከሙበት ነው። ሙያው እዚህ አገር የተተከለው በደዌና በቃጠሎ የጎደለ አካልን ለመመለስ ነው፤ ለውበት ያለው ጥያቄ በኋላ የመጣ ነው።

ለዚህም ነው የጤና መድህኑ አሠራር የሚያሳዝነኝ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2011 እ.ኤ.አ. በሙከራ ሲጀመር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንና ፕላስቲክ ሰርጀሪን የመሳሰሉ የውበት ዋጋቸው ያመዝናል የተባሉ ሕክምናዎች ከሽፋኑ ውጭ ተደረጉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ አባሉ ብዙ ነው፤ ወባና ወሊድ እንዲቀድሙ መደረጉን እረዳለሁ። ነገር ግን ከጡቷ ሥር ያለው ቆዳ የሚላላጥባት፣ እንሰት መፋቅ ያቃታት ሴት ውበት ፈልጋ መጣች ሊባል አይገባም። የአሜሪካ መድህን ድርጅቶች እንኳ ስንት ግራም ሥጋ እንደሚወጣ ከሰውነት ስፋት ጋር አነጻጽረው፣ ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነውን እንደ ሕክምና ይቆጥሩታል። በግራም መለካት የራሱ እንከን አለው። ሆኖም ሕመሙን ሕመም ብሎ ለመቀበል በር ይከፍታል። እኛ ዘንድ ሐኪሙ የሕመሙን ምልክቶች ዘርዝሮ ሲጽፍ ጉዳዩ እንደ ሕክምና የሚታይበት ደንብ ቢወጣ ወጪው የሚያስደነግጥ አይሆንም፤ ቀዶው የሚያስፈልጋቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው።

ከቀዶው በኋላ ያለው ዕረፍትም ወጪ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም፣ ክንድ ከትከሻ በላይ ብዙ አይዘረጋም፣ ጡት መያዣ ሌሊትም አይወልቅም። ይህ ማለት እንሰት አይፋቅም፣ ማገዶ አይመጣም፣ የሁለት ዓመት ልጅ አይታዘልም ማለት ነው። ከሆስፒታል የተመለሰች ሴት እንደ አራስ ብትጠበቅ፣ ጎረቤት ውሃዋን ቢቀዳ፣ እህቷ ድስቱን ብትይዝላት ስፌቱ ይጸናል፤ ካልሆነ የአግድሙና የቁልቁሉ ስፌት የሚገናኙበት ቦታ ይከፈታል። ይህ ቦታ ውጥረቱ የሚበረታበት ስለሆነ ጥሩ በተያዙት ላይ እንኳ ትንሽ የመከፈት ልማድ አለው፤ በንጽሕና ከተያዘ በፋሻ ብቻ ይድናል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቆዳው ከቀላና ከሞቀ፣ ወይም ጫፉ ከጠቆረ ግን ቀን ሳይቆጠር ሆስፒታል መሄድ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱ አለ። ታካሚዋ ስትወጣ የሚሰጣት ማጠቃለያ ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ጋሞኛ ትናገራለች፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያያት የካምባ ሐኪም ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ መኖር ያለበት ብዙ አይደለም፤ ግንዱ ከየት እንደተወሰደ፣ ከእያንዳንዱ ጡት ስንት ግራም እንደወጣ፣ ከጫፉ ሥር ያለው እጢ መቆየት አለመቆየቱ፣ የሁለቱ ርቀቶች ልኬት፣ የወጣው ሥጋ ፓቶሎጂ ውጤት። የመጨረሻው በተለይ አይታለፍ። ከወጣው ሥጋ ውስጥ ያልታሰበ ካንሰር የሚገኘው ከመቶ ከአንድ ባነሱት ነው፤ ተገኝቶ ውጤቱ መዝገብ ቤት ቢቀር ግን ሴትየዋ ሳታውቅ ትኖራለች። በተቀነሰ ጡት ውስጥ ደግሞ ደም ያጣ ስብ ሞቶ ይደድራል፣ ከወራት በኋላ እንደ ጠጠር ይዳሰሳል፤ አደገኛ አይደለም፣ ከካንሰር ግን በእጅ አይለይም። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ስለሆነ እያንዳንዱ ጠጠር በአልትራሳውንድና በመርፌ ናሙና ይጣራ። የካምባው ሐኪም ወረቀቱ በእጁ ካለ ጠጠሩ ከስፌቱ መስመር ጋር መግጠም አለመግጠሙን አይቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚልካትን ሴት በምን ያህል ፍጥነት መላክ እንዳለበት ይወስናል።